መውሊድ በመጣ ቁጥር እናቴና ወንድሜ ይኮራረፋሉ፤ ምን ላድርግ?

የኮምቦልቻዋ፦
አሰላሙ ዐለይኩም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለመውሊድ ወሎ ወዳለው ጀማ ንጉሥ የምትሄድ ሰው ናት። ሳምንት ሲቀረው የተሳለችውን ነዝር ትቋጥራለች፣ በሶና ቡናዋን ታዘጋጃለች። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ጂዳ ስድስት ዓመት ሠርቶ ተመለሰ። ሶላቱን ያዘ፣ ጫቱን ተወ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን መውሊድ «ቢድዓ ነው»፣ ሃይማኖቱ ውስጥ አዲስ የተጨመረ ነገር ነው ይላል።

ዓምና እማ ስትመለስ የጎረቤት ዱበርቲ እናቶች ቤታችን ተሰብስበው ዱዓ አደረጉ። ቡናው በረካ ሳይደርስ ወንድሜ ብድግ ብሎ ወጣ። የቀረበለትን ገንፎ አልነካውም። እማ ምንም አላለችም። ሳህኑን አንስታ ከደነችው። እስከ ማታ እንደተከደነ ቆየ።

ሁለቱም አላህን ፈርተው ነው የሚያደርጉት። እኔን የሚያመኝ ይኸው ነው። ዘንድሮም መውሊድ እየደረሰ ነው። በዚህ ያለፋችሁ ምከሩኝ።

ኡሙ ሐናን፦
ወዐለይኩሙ ሰላም እህቴ። እኛ ቤት መጀመሪያ የተውነው ስም መለጣጠፉን ነው። «ወሃቢያ»፣ «ቀብር አምላኪ» የሚባል ነገር ከቤታችን ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው መነጋገር የቻልነው።

አብዱ ከመርካቶ፦
በሚያዝያ 2011 አዲስ አበባ ላይ መውሊድ የሚያከብሩት የሱፊያና የማያከብሩት የሰለፊያ ዑለማዎች አንድ አዳራሽ ሲቀመጡ በቴሌቪዥን ሳይ አልቅሻለሁ። ስንት ዓመት ተፈራርጀው የኖሩ ሰዎች ናቸው! ሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስን መሪ አድርገው ተስማሙ። እውነቱን ለመናገር ንትርኩ በዚያ አላበቃም። በ2014 የመጅሊሱ፣ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱ፣ አመራር ሲቀየርም ብዙ ተባብለናል።

ሰፈር ላይ ግን ይቻላል። የኛ መስጂድ በረመዳን የማታ ሶላት «ተራዊሕ 8 ረከዓ ነው»፣ «የለም 20 ነው» እየተባለ ሰው ለድብድብ ይጋበዝ ነበር። አሁን ኢማሙ 20 ያሰግዳል። 8 የሚሰግደው ስምንቷን ጨርሶ ቀስ ብሎ ይወጣል። በር ላይ ጫማውን ሲፈልግ ማንም አያጉረመርምበትም።

አቡ ሱመያ፦
እህቴ፣ እኔ የወንድምሽ ወገን ነኝ። መውሊድ አላከብርም። ነቢዩም ﷺ ሶሓቦችም ያላደረጉት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ወንድምሽን አቋምህን ተው አትበይው፤ አይተውም፣ ይብስበታል።

ግን ሱረቱ ሉቅማን 15ኛውን አንቀጽ አንብቢለት። ወላጆች ሽርክ እንድትሠራ፣ በአላህ ላይ እንድታጋራ ቢታገሉህ እንኳ አትታዘዛቸው፣ በዱንያ ግን በመልካም ተወዳጃቸው ነው የሚለው። ለሙሽሪክ፣ ለሚያጋራ ወላጅ እንዲህ ከተባለ፣ ላኢላሀ ኢለላህ እያለች ላሳደገችን እናትማ!

የኔም እናት ለመውሊድ ትሄዳለች። እኔ አልሄድም። ሻንጣዋን ግን መናኸሪያ ድረስ የምሸከመው እኔ ነኝ። ስትመለስ ውሃ አሙቄ እግሯን አጥባታለሁ። ስለ መውሊድ ካነሳች በለሰለሰ ቃል የማምንበትን እነግራታለሁ። እሷም ትሰማኛለች፤ ከዚያ ደግሞ በዓመቱ ትሄዳለች።

የኮምቦልቻዋ፦
ጀዛኩሙላሁ ኸይረን። አቡ ሱመያ፣ የጻፍከውን ማታ ለወንድሜ አነበብኩለት። አቀርቅሮ ዝም አለ። እኔም አልጨቀጨቅኩትም። ሲተኛ ሲል በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «እማ የምትሄድበት መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አለኝ።
ሌሊት 11 ሰዓት ነው አልኩት።