ጨፋን በየት በኩል ልግባበት?

ለሁለት ቀን ከአዲስ አበባ መጥቼ፣ የጣርማበርን ጉምና የሸዋሮቢትን ወበቅ አልፌ ከሚሴ አድሬአለሁ። የመጣሁት የቦርከና ወንዝ ተንጣልሎ ረግረግ የሚሆንበትን የጨፋን ሜዳ ለማየት ነው፤ በበጋ የአፋር ከብት ሳይቀር የሚሰማራበትን። ዛሬ ጠዋት ባጃጅ ተከራይቼ በአንድ የእርሻ መንገድ ገባሁ። ሩብ ሰዓት ሳንሄድ የፊት ጎማው ጭቃ ዋጠው። በእግሬ ልቀጥል ብል ቄጠማው ከወገቤ በላይ፣ ውኃው ከጉልበቴ ደረሰ፤ ግራ ጫማዬ እዚያው ቀርቷል። አንድ እረኛ «ከብት ያልረገጠውን አትርገጥ» ብሎ ስቆብኝ ሄደ። ምክሩ ደህና ነበር፣ ቢዘገይም። ነገ እስከ ቀትር ብቻ ጊዜ አለኝ። ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው አስፋልት ላይ የት ብወርድ ነው በደረቅ መሬት እስከ ውኃው ዳር በእግር የምደርሰው?