ከመሬት በታች የሚኖር ሕዝብ «ፀሐይ የሞቀው» ይላል ወይ?

ብዕር አዳሪ፦
ሰላም ናችሁ። ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ከመሬት በታች የሚኖር ሕዝብ አለ። ዓይናቸው ደከም ያለ፣ ጆሯቸው ግን የሩቅ የውሃ ጠብታ የሚሰማ፣ በጨለማ ተወልደው በጨለማ የሚያረጁ ናቸው። ስም አጣሁላቸው። «ድንኮች» ብል አይጥመኝም፣ «ከርሰ ምድራውያን» ስል ደግሞ የጂኦግራፊ መማሪያ ይመስላል። ምን ልበላቸው?

ፊደል ለቃሚ፦
ድንክን ተወው። ሰው ላይ የሚወረወር ስድብ ነው፣ ደግሞም ቁመት ነው እንጂ የሚናገረው መኖሪያን አይናገርም። ድንክ አልጋ የምንለውስ ዋሻ ውስጥ ነው እንዴ የሚቀመጠው? «ከርሰ ምድር» ሲፈቱት ያምራል፤ ከርስ በግዕዝ ሆድ ነው፣ የምድር ሆድ እንደማለት። ችግሩ አማርኛችን ያንኑ ከርስ ወስዶ «ከርሳም» ብሎበታል። ግማሹ አንባቢህ የጉድጓድ ውሃ ቁፋሮ ይታየዋል፣ ግማሹ ሆዳም ሕዝብ።

ጨዋታ አይጠገቤ፦
ህቡዓን በላቸው! አለቀ።

ፊደል ለቃሚ፦
ኧረ በናትህ። ህቡዕ ስትል ያንን ዘመን ያየ ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ሌላ ነው። የህቡዕ ስም፣ የህቡዕ ድርጅት፣ በሌሊት የሚበተን ወረቀት። ልጁ ስለ ዋሻ ሕዝብ ሊጽፍ ተነስቶ የአብዮት ትዝታ ሊሆንበት ነው።

አዛውንቱ፦
ልጆች፣ የግዕዙን መንገድ ለምን አትሞክሩትም? ሰብአ ሰገል፣ ሰብአ ትካት እንደምንለው። ጉድጓድ በግዕዝ ግብ ነው። ዳንኤል የተጣለበትን ግበ አናብስት አስታውሱ። እንግዲህ ሰብአ ግብ ብትሏቸው የጉድጓድ ሰዎች ማለት ነው።

ጨዋታ አይጠገቤ፦
አባባ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «ሰብአ ግብ» ሲባል ለእኔ የመጡብኝ አጥቂዎች ናቸው። ምነው ቡድናችን ሁለት ሦስቱን ባገኘ!

አዛውንቱ፦
ይሁን፣ ሳቅ። እናንተ ግብ የምትሉት ኳሱ ስለሚገባበት አይደለም ወይ?

የላስታ ልጅ፦
እኔ ከ«ፈለፈለ» ብትነሳ ነው የምመክርህ። ላሊበላን «ፍልፍል» የምንለው ወጥ ድንጋዩ ከላይ ወደ ታች ስለተፈለፈለ ነው። ፍልፈልም ያው ከዚሁ ቤት ነው፣ መሬቱን ውስጥ ለውስጥ ፈልፍሎ ስለሚሄድ። ቃሉ ግን ጓዝ አለው፤ ዶሮ ጫጩት ትፈለፍላለች፣ እናቶቻችን ባቄላ ይፈለፍላሉ፣ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽንም አለ። «ፈልፋዮች» ካልካቸው የእርሻ መሣሪያ ነጋዴ ይመስላሉ። ስለዚህ ከላይ ያሉት ሰዎች በንቀት «ፍልፈሎች» ይበሏቸው። እነሱ ራሳቸውን ምን ይላሉ? «ሰው» ነዋ። ሌላ ማን አለና?

ስለ አካላቸው ከተጨነቅክ ደግሞ ሩቅ አትሂድ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ቆላ የሚኖር ጠጉር የለሽ የፍልፈል ዓይነት አለ። ዓይኑ ብዙም አያይም። ከንፈሩ ከጥርሱ ኋላ ይዘጋል፣ ስለዚህ በጥርሱ ሲቆፍር አፈር አፉ አይገባም። ወደ ኋላም ወደ ፊትም እኩል ይሮጣል፤ መዞሪያ በሌለበት ጠባብ መንገድ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እንደ ንብ አንዲት ንግሥት ነች የምትወልድለት። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ያለ ኦክስጅን 18 ደቂቃ ሊቆይ እንደሚችል አሳይቷል፣ ዕድሜው ደግሞ ከ30 ዓመት ያልፋል። አይጥ በሚያህል ሰውነት!

ድንጋይ ቆጣሪ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ሥራዬ ማዕድን ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለውን ሕዝብ አብዝተው የፈጠሩት ደራሲዎች አይደሉም፣ ቆፋሪዎች ናቸው። የጀርመን ማዕድን አውጪዎች ብር የመሰላቸውን ድንጋይ ያወጡና ሲያቀልጡት ብር የለም፣ የሚወጣው የአርሴኒክ መርዝ ያለበት ጭስ ነው። «ኮቦልድ ነው፣ ብሩን ሰርቆ ይሄን ተካልን» ይሉ ነበር። ኮቦልድ ከመሬት በታች የሚኖር ተንኮለኛ ፍጡር ነው። በ1730ዎቹ ጌዮርግ ብራንት የተባለ ስዊድናዊ ከእንዲህ ያለው ድንጋይ አዲስ ብረት አገኘ፣ ስሙም ከዚያው ከኮቦልድ ወጣለት፤ ኮባልት። በብዙ የሞባይል ባትሪ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ኒኬልም እንደዚሁ ከአንድ የማዕድን ጉድጓድ ጋኔን ስም ነው የመጣው።

በእንግሊዝ ኮርንዎል ያሉት ቆርቆሮ ቆፋሪዎች ደግሞ «አንኳኪዎች» ነበሯቸው። ግድግዳው ውስጥ ኳ ኳ ሲል፣ ይሄ ቦታ ሊደረመስ ነው ብለው የሚያስጠነቅቁን እነሱ ናቸው ይላሉ። ከምሳቸው ቁራሽ ይተዉላቸው ነበር። ድጋፍ እንጨት ጫና ሲበዛበት በእርግጥም ይንኳኳል፣ እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ደስ አይልም።

ብዕር አዳሪ፦
እጅግ አመሰግናለሁ! የስሙ ነገር መላ አገኘ። አሁን ንግግራቸው ነው የቀረኝ። እንደ እኛ ነው እንዴ የሚተርቱት?

የላስታ ልጅ፦
ዋናው እሱ ነው እንጂ ስሙማ ቀላል ነበር። ገጸ ባሕርይህ ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ «ይሄማ ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነው» ካለ መጽሐፉን እዘጋዋለሁ። የቱ ፀሐይ? ይልቅ እኛን፣ የላይኞቹን፣ «ፀሐይ የሞቃቸው» ይበሉን። ምሥጢር የማያውቁ፣ ጓዳ የሌላቸው፣ ገበናቸው የተሰጣ እንደማለት። ስድብ ይሁንላቸው።

ከዚያ ጆሮው አለ። እኛ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እንላለን፣ ስለ ራሳችን የሚወራውን መጨረሻ የምንሰማው እኛው ስለሆንን። እነሱ ጋ ግን ጆሮ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ተረቱን ቢሰሙ አይገባቸውም። «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ማለት ለእኛ ችላ አለ ነው፣ ቢበዛ ያበሳጫል። ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ያልሰማ ሰው ቤተሰብ በሚያስጨርስበት አገር ግን ለሽማግሌ የሚያስከስስ ወንጀል ነው። እዚህ ላይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለልህ።

ፊደል ለቃሚ፦
«መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ» የምንለውስ? እነሱን እኮ ውጣቸዋለች።

የላስታ ልጅ፦
ሃሃ! እነሱ ሲያፍሩ «ምነው ጣሪያው ተከፍቶ ብርሃን በበላኝ» ይበሉ። ደግሞ «አፈር ስሆን ብላልኝ» አለ። እኛ እንግዳ ስንለምን ሞታችንን ነው የምንጠራው፣ አፈር መቃብር ስለሆነ። ለእነሱ አፈር ቤት ነው፣ ስለዚህ ያው ቃል «ቤት ልሁንህ» ነው የሚሆነው። «አፈር ብላ»ም ከእርግማንነት ወጥቶ «ሠርተህ እደር» ይሆናል። አንዱን ቃል ሳትቀይር ትርጉሙን ብቻ ብታዞረው፣ ከላይ የወረደው ሰውዬህ ሲመርቁት ተሰደብኩ ብሎ ይጣላል።

ጨዋታ አይጠገቤ፦
ሰላምታቸውስ? «እንደምን አደራችሁ» አይሉ፣ የሚነጋ ነገር የለ።

ድንጋይ ቆጣሪ፦
ያንኳኩ። ግድግዳውን ሁለቴ ካንኳኳ ደህና ነኝ ነው፣ ሦስቴ ከሆነ አትምጡ።

አዛውንቱ፦
ዝም ካለስ?

ድንጋይ ቆጣሪ፦
ዝም ካለ አካፋ ይዞ መሮጥ ነው፣ አባባ።