ፌት ሲሙሌሽን በላብ ኮምፒውተሮች አልከፈት አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ከደሴ ወጣ ብላ ባለች ከተማ የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ኢንተርኔት የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ እየሄድኩ ፌት የሚባሉትን ሲሙሌሽኖች (ሙከራን ስክሪን ላይ አስመስለው የሚያሳዩ ፕሮግራሞች) በፍላሽ ይዤ እመለሳለሁ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚያድላቸው ናቸው። እያንዳንዱ በብሮውዘር የሚከፈት አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ስለሆነ ያለ ኔትወርክም ይሠራል።

በእኔ ላፕቶፕ ምንም ችግር የለበትም። የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱን በፕሮጀክተር ሳሳያቸው አንዲት ተማሪ ወጥታ የባትሪውን ሁለት ጫፍ ያለ አምፖል በሽቦ አገናኘችው። ስክሪኑ ላይ እሳት ተነሳ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሾርት!» አለ። ስንት ዓመት በጠመኔ እየሳልኩ ያላስገባሁት ነገር ያን ቀን ገባቸው። ከዚያ ወዲህ «ቲቸር፣ እኛም እንሞክረው» እያሉ ይለምኑኛል። ልከለክላቸው አልፈልግም።

የላብ ኮምፒውተሮቹ 14 ናቸው። ሁሉም ዊንዶውስ 7፣ ራማቸው 2 ጊጋ ነው። ያላቸው ብሮውዘር የድሮው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ ስለሆነ ፋይሉን ስከፍተው ነጭ ገጽ ይመጣል። ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻው ክሮም 109 እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያወረድኩት መጫኛ ትንሽዬ ፋይል ናት፤ ስትከፈት ኢንተርኔት ትጠይቃለች።

ሙሉውን መጫኛ በፍላሽ ይዞ የጫነ ሰው አለ? በ2 ጊጋ ራም ሲሙሌሽኑ ሳይንቀራፈፍ ይሄዳል ወይስ ፋየርፎክስ ይሻላል? በተማሪዎች ስልክም ሞክሬ ነበር። አንዳንዱ ስልክ ላይ ኮዱን እንደ ጽሑፍ ዘረገፈው። መፍትሔውን የምታውቁ ደረጃ በደረጃ ንገሩኝ። ምዕራፉ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው።