እንግሊዝኛ «እነርሱ» የሚለውን ቃል ሳይቀር ለምን ተዋሰ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቋንቋ አዲስ ዕቃ ሲገባበት ስሙን አብሮ መቀበሉ አይደንቅም፤ «ኮፊ» ከዐረብኛ ተነሥቶ በቱርክኛና በደችኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የደረሰው ከመጠጡ ጋር ነው። ነገር ግን «ዘይ» ማለትም «እነርሱ»፣ «ስካይ» ማለትም «ሰማይ»፣ «ኤግ» ማለትም «ዕንቁላል» ከስካንዲኔቪያ ሰዎች የተወሰዱ መሆናቸውን አነበብሁ። የራሱ ቃላት እያሉት የሌላውን ለምን ወሰደ?

መላሽ ሀ፦
ምክንያቱ ከሰዎቹ አኗኗር የመጣ ይመስለኛል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ሰሜንና ምሥራቅ እንግሊዝ የዘመቱት ዴንማርካውያን ዘርፈው ብቻ አልተመለሱም፤ ብዙዎቹ መሬት ይዘው ማረስ ጀመሩ፣ ከአገሬው ጋርም ተጋቡ። ሁለቱ ቋንቋዎች የቅርብ ዘመዳሞች ስለነበሩ ቃላቱ በገበያ ብቻ ሳይሆን በጓዳ በኩልም ገቡ፤ «ናይፍ» (ቢላዋ) እና «ሃዝባንድ» (ባል) ከእነርሱ ናቸው፤ «ዊንዶው» (መስኮት) ደግሞ በምንጩ «የነፋስ ዓይን» ማለት ነበር።

ተውላጠ ስሙ የራሱ ታሪክ አለው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «እርሱ» ሄ፣ «እርሷ» ሄኦ፣ «እነርሱ» ሂኤ ይባሉ ነበርና ድምፆቹ በጊዜ ብዛት እየተቀራረቡ ሲሄዱ ስለ ማን እንደሚወራ መለየት አስቸጋሪ ሆነ፤ የሰሜኑ «ዘይ» ይህን ችግር የሚፈታ ሆኖ ተገኘ። ለውጡ ግን አዝጋሚ ነበር፤ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር «ዘይ» እያለ ሲጽፍ፣ «የእነርሱ» እና «እነርሱን» ለማለት ግን ነባሮቹን «ሂር» እና «ሄም» ይጠቀም ነበር።

መላሽ ለ፦
የዕንቁላሉ ጉዳይ ማስረጃው እጅግ ግልጽ ስለሆነ ልጨምርበት። የመጀመሪያውን ማተሚያ ወደ እንግሊዝ ያስገባው ዊሊያም ካክስተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1490 ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም ላይ እንደሚተርከው፣ በቴምዝ ወንዝ ነፋስ የዘገየባቸው ነጋዴዎች ወደ የብስ ወጡ፤ ከእነርሱ አንዱ አንዲትን ሴት «ኤግስ» እንድትሰጠው ቢለምናት ፈረንሳይኛ አልችልም አለችው። እርሱም ፈረንሳይኛ የማያውቅ ነበርና ተቆጣ፤ ሌላው ጓደኛው ነባሩን «አይረን» ሲጠራላት ግን ወዲያው ገባት። ሁለቱ ቃላት ለረጅም ዘመን ጎን ለጎን መኖራቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

መላሽ ሐ፦
በ1066 ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ድል ካደረጉ በኋላ የገባው የፈረንሳይኛ ቃል ግን በአብዛኛው ከላይ የወረደ ነው፤ ከአስተዳደር፣ ከፍርድ ቤትና ከጌቶች ማዕድ። እንስሳው (ላም) «ካው» ሥጋው «ቢፍ» መባሉ፣ እረኛው እንግሊዛዊ በላተኛው ኖርማን ስለነበረ ነው የሚለው ትረካ ግን በጥንቃቄ ሊወሰድ ይገባል፤ «ቢፍ» እና «መተን» (የበግ ሥጋ) ለብዙ ዘመን በሕይወት ላለው እንስሳም ይነገሩ ነበር፤ የጠራው ልዩነት ቆይቶ የመጣ ነው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ ነባር ሆኖ የቀረው ምኑ ነው?

መላሽ ሀ፦
መዝገበ ቃላቱን ቢቆጥሩ ብዙው የውሰት ነው፤ ሰው ሲነጋገር ቢያዳምጡ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። «እኔ»፣ «አንተ»፣ «ውኃ»፣ «ቤት»፣ «እናት»፣ «መብላት»፣ «መሄድ» የሚባልባቸው ቃላት ሁሉ ነባሮች ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩን የሚያያይዙት መስተዋድዶችም ከሞላ ጎደል እንደዚያው። «ዘይ» ልዩ ትኩረት የሚስበውም ባዕድ ቃል እምብዛም ወደማይገባበት ወደዚህ ክፍል ስለዘለቀ ነው።