ትንሽ ሚረርለስ ካሜራ ልገዛ ነው፤ ምኑን ብተው አይቆጨኝም?

ቀላል ቦርሳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። አሁን ያለኝ የካነን ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ዓይነት ካሜራ) ነው። ከሱ ጋር 24-70 ዙም እና 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ አለኝ። በፎቶው ጥራት ቅሬታ የለኝም። ችግሩ ክብደቱ ነው። ሥራ ካልሆነ በቀር ይዤው አልወጣም። እኔ ደግሞ የምወደው ሳይታሰብ የሚገኘውን ፎቶ ነው፤ መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች፣ ማታ ቤት ውስጥ የሚጫወቱ ልጆች፣ ጉዞ ላይ የማየው ነገር። ስለዚህ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ሚረርለስ (መስታወት የሌላት ካሜራ) እፈልጋለሁ።

ማንበብ ስጀምር ግን ተምታታብኝ። አንዷ ትንሽ ናት፣ ቪውፋይንደር (ዓይን አስጠግተው የሚያዩበት መስኮት) የላትም። ሌላዋ ቪውፋይንደር አላት፣ ማረጋጊያ (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ) የላትም። ሦስተኛዋ ሁሉም አላት፣ ሴንሰሯ (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ግን ትንሽ ነው ይሏታል። ሁሉንም ማግኘት እንደማልችል ገብቶኛል። በየቀኑ የምትይዙ ሰዎች፣ ምኑን ብተው አይቆጨኝም? ምኑንስ ፈጽሞ መተው የለብኝም? የድሮ ሌንሶቼን በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) ብጠቀምስ ያዋጣል?

የመንገድ ዓይን

እህቴ፣ ቦዲውን ብቻውን አትመዝኚ። ሌንስ ተገጥሞለት መዝኚው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ዲኤስኤልአር ውስጥ መስታወቱ የሚነሳበትና የሚወርድበት ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ በካነን ኢኤፍ (የዲኤስኤልአሩ የሌንስ መግጠሚያ) ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 44 ሚሊ ሜትር ነው። መስታወት በሌለበት በአርኤፍ (የካነን ሚረርለስ መግጠሚያ) 20 ሚሊ ሜትር ሆኗል። ኒኮንም ከ46.5 ወደ 16 አውርዶታል። ቦዲው የቀጠነው በዚህ ነው። ሌንሱ ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም። የሌንሱን ግዙፍነት በዋናነት የሚወስኑት የሴንሰሩ ስፋት፣ የአፐርቸሩ (የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ትልቅነትና የዙሙ ርዝመት ናቸው። መስታወት ስለተነሳ እነሱ አይለወጡም።

ሶኒ ኤ7ሲን እዪ። በ2020 ሲወጣ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ሆኖ 509 ግራም ብቻ ነበር። አሁን የሶኒን ሁለተኛውን 24-70 ኤፍ 2.8 ጂ-ማስተር ግጠሚበት። ሌንሱ ብቻውን 695 ግራም ነው። ከካሜራው ይከብዳል፤ አንገትሽ ላይ ስታንጠለጥይው ወደፊት ይደፋል። በዚያው ቦዲ ላይ 173 ግራሟን 40 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.5 ብታደርጊ ግን ሌላ ካሜራ የያዝሽ ይመስልሻል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሌንስ ምረጪ፣ ከዚያ ቦዲ። ፎቶ አንሺዎች ከአምራቾች ደጋግመን የምንለምነው ይህንኑ ነው፤ ትንንሽ፣ ጥርት ያሉ፣ ፈጣን ፎከስ ያላቸው ፕራይም (ዙም የማያደርጉ) ሌንሶች። ቦዲ ማሳነሱን ሁሉም ችሎበታል። ማይክሮ ፎር ሰርድስ (ፓናሶኒክና ኦሊምፐስ የሠሩበት ትንሹ ሴንሰር) በዚህ በኩል የታደለ ነው። የፓናሶኒክ 14 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.5 ክብደቱ 55 ግራም ነው። የኦሊምፐስ 45 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ደግሞ 116 ግራም። ፉጂፊልም 84 ግራም የሆነ 27 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 አለው። እንዲህ ያለ ሌንስ የሌለው ቦዲ ምንም ቢያንስ ለአንቺ ጉዳይ ትንሽ አይደለም።

አሮጌ ፊልም

ልጄ፣ የመንገድ ዓይን ያለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ቪውፋይንደሩን ነው። እሱን አትተዪ።

ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ስትወድቅ የምታነሺውን ነገር ማየት ያቅትሻል። በግምት ታነሻለሽ። በቪውፋይንደር ግን ከፍሬሙ ውጪ ያለው ሁሉ ይጠፋና ዓይንሽ አንድ ነገር ላይ ያርፋል። ሌላም ጥቅም አለው። ክንድሽን ዘርግተሽ የያዝሽው ካሜራ ይወዛወዛል። ሁለቱን ክርኖች ወደ ጎንሽ ሰብስበሽ ካሜራውን ግንባርሽ ላይ ስታስደግፊው ይረጋል። ማረጋጊያ ባይኖረውም እንኳ ልዩነቱን ታይዋለሽ።

«ቪውፋይንደር ቦታ ይፈጃል» ይላሉ። ፓናሶኒክ በ2013 ጂኤም1 የምትባል በጣም ትንሽ ካሜራ አውጥቶ ነበር። ባትሪና ካርድ ጨምሮ 204 ግራም ነበረች። ቪውፋይንደር አልነበራትም። በዓመቱ ጂኤም5 ቪውፋይንደር ይዛ መጣች። ክብደቷ 211 ግራም! መስኮቷ ትንሽ ብትሆንም ነበረች። እንደሚቻል ያን ጊዜ ታይቷል። ዛሬም ቪውፋይንደር የሌለው ቦዲ ሲወጣ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ እወቂ። የምታነጣጥሪው በየትኛው ዓይንሽ ነው? ቪውፋይንደሩ ግራ ጥግ ላይ ያለ ካሜራ ለቀኝ ዓይን ይመቻል። አፍንጫሽ ስክሪኑን አይነካም፣ ግራ ዓይንሽም አካባቢውን ያያል። በግራ ዓይን የምታዪ ከሆነ ግን ይህ ጥቅም ይቀራል። ፊትሽ ስክሪኑን ይሸፍነዋል፤ የንክኪ ስክሪን ከሆነ አፍንጫሽ የፎከስ ነጥቡን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ያኔ ቪውፋይንደሩ መሃል ላይ ያለውን ምረጪ።

ዳያሎቹንም (በጣት የሚዞሩትን መቆጣጠሪያዎች) ቁጠሪ። አፐርቸሩንና የሹተር ፍጥነቱን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ሜኑ ሳትገቢ በጣትሽ መቀየር መቻል አለብሽ። የፉጂው ኤክስ-ኢ4 በ2021 ሲወጣ የኋላው ዳያል ተነስቶ ነበር፤ ማረጋጊያም አልነበረውም። 364 ግራም ነበር። በ2025 የወጣው ኤክስ-ኢ5 ዳያሉን መልሶ ማረጋጊያም ጨምሮ 445 ግራም ሆነ። ለእኔ ያ 81 ግራም የሚገባ ነው። ተጠቃሚው የጠየቀው ራሱ ነውና።

የመንገድ ዓይን

ጋሼ፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልበል። ቪውፋይንደር ለሁሉም ግዴታ አይመስለኝም። ሪኮ ጂአር 3 ቪውፋይንደር የለውም። ሌንሱም አይቀየርም። ግን ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር (በፉል ፍሬምና በማይክሮ ፎር ሰርድስ መሃል ያለ መጠን) ይዞ 257 ግራም ብቻ ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል። የመንገድ ፎቶ የሚያነሱ ብዙ ሰዎች ይወዱታል። ካሜራ ወደ ፊት ሲነሳ ሰው ይጠነቀቃል። ከደረት በታች ሲያዝ ግን ማንም ልብ አይለውም።

አሮጌ ፊልም

ለመንገድ ብቻ ከሆነ እስማማለሁ። እሷ ግን ማታ ልጆችም አነሳለሁ ብላለች። ለጉዞም ትፈልገዋለች። አንድ ካሜራ ለሦስቱም እንዲሆናት ከፈለገች ቪውፋይንደሩ ይኑራት።

ሰርግ አንሺው

ስለ ማታው ልግባበት፤ ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ቦዲ ውስጥ ያለ ማረጋጊያ የሚያረጋጋው የአንቺን እጅ ነው። ልጁን አያረጋጋም። የቆመ ሕንፃ በሰከንድ አንድ ስምንተኛ ብታነሺ ማረጋጊያው ያድንሻል። ለሚሮጥ ልጅ ግን ቢያንስ 1/250 ትፈልጊያለሽ፤ ካልሆነ ልጁ ብዥ ይላል። ያንን የሚሰጥሽ ሰፊ አፐርቸርና ከፍ ያለ አይኤስኦ (ፎቶውን የሚያደምቀው ቁጥር) ነው። ስለዚህ ለልጆች ኤፍ 1.8 ሌንስ ከማረጋጊያ ይቀድማል። ለምሽት መንገድ፣ ለሕንፃ ውስጥና በእጅ ለሚነሳ ቪዲዮ ደግሞ ማረጋጊያው ይቀድማል። የትኛውን አዘውትረሽ እንደምታነሺ አንቺ ታውቂያለሽ።

ትንሹ ሴንሰርም እንደሚፈራው አይደለም። የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የማይክሮ ፎር ሰርድስ 17.3 በ13፤ በስፋት ሩቡን ያህል ማለት ነው። በአንድ ዓይነት አፐርቸርና የሹተር ፍጥነት የሚሰበስበው ብርሃን በሁለት ስቶፕ (በአራት እጥፍ) ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ጨለማ ውስጥ ነጠብጣቡ ይበዛል። ይህ እውነት ነው። ኤክስፖዠሩ (የፎቶው የድምቀት ልክ) ግን አይቀየርም፤ ኤፍ 1.8 የትም ኤፍ 1.8 ነው። ዴፕዝ ኦፍ ፊልዱ (ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት) ደግሞ በፉል ፍሬም ኤፍ 3.6 የምታገኚውን ያህል ይሆናል። ይህ አንዳንዴ በረከት ነው። ሁለት ልጆች አንዱ ቀደም፣ አንዱ ኋላ ብለው ሲቀመጡ በፉል ፍሬም ኤፍ 1.8 የአንዱ ፊት ይደበዝዛል። በትንሹ ሴንሰር አፐርቸሩን ሳትዘጊ ሁለቱም ጥርት የማለት ዕድላቸው ሰፊ ነው።

እኔ ለአንቺ መሃለኛውን፣ ኤፒኤስ-ሲን እመርጣለሁ። ሌላው የማልተወው የሚታጠፍ ስክሪን ነው። ልጅን ከላይ ወደ ታች ካነሳሽው ጭንቅላት ብቻ ነው የሚታየው። ካሜራውን ወደ ልጁ ዓይን አውርደሽ ስክሪኑን ቀና ማድረግ ሳትንበረከኪ ያሠራሻል። የዓይን መከታተያ ፎከስ ካለው ደግሞ እፎይ ትያለሽ።

ወፍ ፈላጊ

አጭር ነገር ልጨምር። በጣም ማነስም ችግር ነው። መያዣው ጠፍጣፋ ከሆነ ትንሿ ጣት ማረፊያ ታጣለች፤ ከሰዓታት በኋላ እጅ ይዝላል። ከመግዛትሽ በፊት የግድ ያዢው። ረጅም ሌንስ ለመጨመር ካሰብሽ ማይክሮ ፎር ሰርድስን አትናቂ። የኦሊምፐስ 75-300 ሌንስ 423 ግራም ነው፤ የሚያሳይሽ እይታ ግን በፉል ፍሬም የ600 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ኦኤም-5 የተባለው የዚሁ ዓይነት ቦዲ ባትሪና ካርድ ጨምሮ 414 ግራም ሆኖ ዝናብና አቧራ ይቋቋማል። ዝናብ የሚችል ሌንስ ግን ካልተገጠመለት ጥበቃው ሙሉ አይሆንም። 75-300ው ዝናብ አይችልም።

ቀላል ቦርሳ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን አይቼ ሞከርኩት፤ የማየው በቀኝ ዓይኔ ነው። ቪውፋይንደሩን አልተውም። ረጅም ሌንስ አያስፈልገኝም። ከኤፒኤስ-ሲ ካነን አር50ን አይቼ ነበር፤ 375 ግራም ነው፣ ሌንሶቼም ካነን ናቸው። ማረጋጊያ ግን የለውም። ስለ አዳፕተሩ የሚያውቅ አለ? «ሹተሩ ኤሌክትሮኒክ ብቻ የሆነ ካሜራ አትግዢ» ያለኝ ሰውም ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ጥገና ቤት

አዳፕተሩ ይሠራል። የኢኤፍ ሌንስ በካነን አዳፕተር አርኤፍ ላይ ሲገጠም ፎከሱም አፐርቸሩም ይሠራል። ግን አስቢው። አዳፕተሩ የሚሠራው የጠፋውን ርቀት መመለስ ነው፤ 44 ሲቀነስ 20፣ 24 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የቀጠነውን ቦዲ መልሰሽ አወፈርሽው። 24-70ው ካሜራውን ይደፋዋል። 50ውም በዚህ ሴንሰር ላይ 1.6 እጥፍ ይጠባል፤ የ80 ሚሊ ሜትር እይታ ይሰጥሻል። ለልጅ ፊት ቆንጆ ነው፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ግድግዳ ያስደግፍሻል። አዳፕተሩን ለመሸጋገሪያ ያዢው። ለየቀኑ አርኤፍ 28 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 እዪ። 120 ግራም ነው፤ የ45 ሚሊ ሜትር እይታ አለው። ለማታ ኤፍ 2.8 እንደሚያጥር ግን እወቂ፤ ሰርግ አንሺው ያለው እዚህ ጋ ይመጣል። ማታ 50ውን ትገጥሚያለሽ።

ወደ ሹተሩ ልምጣ። በኤሌክትሮኒክ ሹተር አብዛኛው ሴንሰር ምስሉን ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። ንባቡ ቀርፋፋ ከሆነ በፍጥነት የሚያልፍ መኪና ዘመም ብሎ ይወጣል። በአንዳንድ የኤልኢዲ መብራት ሥር ደግሞ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁርና ነጭ ሸንተረር ይታያል። ቤት ውስጥ ማታ ለሚያነሳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የፓናሶኒክ ኤስ9 በ2024 የወጣ ፉል ፍሬም ነው፤ 486 ግራም። መካኒካል ሹተር የለውም፣ ቪውፋይንደርም የለውም፣ ፍላሽ የሚያስነሳ የኤሌክትሪክ ግንኙነትም የለውም። ለቪዲዮ ሠሪ ጥሩ ነው። ለአንቺ አይሆንም።

ባትሪውንም እዪው። ሶኒ ኤ6400 403 ግራም ነው፣ ባትሪው ግን ትንሹ ነው። ኤ6700 493 ግራም ሆኖ ከእጥፍ በላይ ኃይል የሚይዘውን ትልቁን ባትሪ ይወስዳል፤ ማረጋጊያም አለው። ትንሹን ባትሪ ካልሽ ሁለተኛ መያዝሽ አይቀርም። በዩኤስቢ-ሲ የሚሞላ መሆኑንም አረጋግጪ፤ የስልክሽ ቻርጀር ጉዞ ላይ ይበቃሻል።

ቀላል ቦርሳ (ጠያቂ)

ስለ ዕይታው አሁን ገባኝ። ሁለቱን ሄጄ በእጄ እይዛለሁ፤ አር50ን ከ28ው ጋር፣ ማረጋጊያ ያለው ኦኤም-5ን ከ17 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ጋር። ኦኤም-5ን የማገኘው ምናልባት ያገለገለ ነው። ሲታይ ምኑን ልይ?

ጥገና ቤት

ሌንሱን አውጪና መግጠሚያው ዙሪያ መፋፋቅ ወይም የላላ ብሎን መኖሩን እዪ። ከዚያ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 16 ዘግተሽ ነጭ ግድግዳ አንሺ፤ ሴንሰሩ ላይ ያለው አቧራና ጭረት ይወጣል። አቧራ ይጸዳል፣ ጭረት አይጸዳም። ዳያሎቹን አንድ በአንድ አሽከርክሪ፤ ቁጥሩ ከዘለለ ወይም ወደ ኋላ ከሄደ የውስጥ ክፍሉ ደክሟል። የባትሪውን ሽፋንና የቻርጀር ቀዳዳውን ጎማ ፈትሺ፤ ከተቀደደ ዝናብ መቋቋሙን እርሺው።

ካሜራው ጠፍቶ ስታወዛውዢው ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ብትሰሚ አትደንግጪ። ማረጋጊያ ባላቸው በብዙዎቹ ሴንሰሩ ሲጠፋ ልቅ ይሆናል። ሲበራ ቀስ ያለ የመንሾካሾክ ድምፅም የተለመደ ነው። በርቶም መንኳኳቱን ካላቆመ፣ ወይም ሳትነኪው ምስሉ ቪውፋይንደሩ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ማረጋጊያው ተበላሽቷል፤ ለሻጩ መልሺለት።