ባለ ሁለት ቱቦ ወይስ ባለ ሦስት? ፖንቱን ጀልባ መምረጥ ከበደኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ለቤተሰብ ሽርሽር ፖንቱን ጀልባ (አየር በያዙ የአሉሚኒየም ቱቦዎች ላይ የሚንሳፈፍ፣ ጠፍጣፋ ወለል ያለው ጀልባ) ልገዛ ሁለት ላይ ቆሜያለሁ፤ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ሁለቱም 6.7 ሜትር ናቸው። የምንሳፈረው ስምንት ነን፣ ሦስቱ ልጆች።

አንደኛው ባለ ሁለት ቱቦ፣ ሞተሩ 90 የፈረስ ጉልበት ነው። ቀላል ስለሆነ ነዳጅ ይቆጥባል፣ በመኪና ለመጎተትም አይከብድም። የሚያሳስበኝ ሰው ወደ አንድ ጎን ሲሰበሰብ ማዘንበሉ ነው፤ ልጆች ዓሣ አየን ካሉ ሁሉም አንዱ አጥር ላይ ነው የሚንጠለጠሉት። ፊት ላይ ክብደት ከበዛም አፍንጫው ማዕበል ውስጥ ይገባና ወለሉ ላይ ውሃ ይወጣል።

ሌላው ባለ ሦስት ቱቦ፣ 115 የፈረስ ጉልበት። መረጋጋቱን ወድጄዋለሁ። ግን ከወለሉ ሥር የአሉሚኒየም ሽፋን የለውም፤ የሚረጨው ውሃ ወለሉን ከያዙት አግዳሚዎች ጋር እየተጋጨ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል።

ስምንት ሰው ጭኖ ልጆችን በተነፋ ጎማ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ለመጎተት 115 ይበቃል? ሽፋኑን በኋላ ማስገጠምስ ያዋጣል? ሁለቱም ያገለገሉ ስለሆኑ፣ ቱቦው ከወለሉ ድጋፍ ጋር የተበየደበት መስመር ላይ ስንጥቅ እንዴት እንደሚለይ ብታስረዱኝ በጣም ደስ ይለኛል።