«ባላንጣ» ወይስ «ጠላት»? ፊልም ሲተረጎም የትኛው ይሻላል?

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከጅማ ነኝ። ለአንድ የኮሪያ ፊልም ከሥር የሚነበብ የአማርኛ ጽሑፍ (ሰብታይትል) እየሠራሁ ነው። የደቡቡ ወታደር ስለ ሰሜኖቹ ሲያወራ አንዴ «ጠላት» እላለሁ፣ አንዴ «ባላንጣ»። ጓደኛዬ ደግሞ «ባላጋራ በለው» ይላል። እናቴ በኦሮምኛ ሁሉንም «ዲና» ብላ ተገላገለች። እስቲ አንድ በሉኝ።

አዌቱ ማዶ፦
ወንድምዬ፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። «ባላንጣ» አቻ ይፈልጋል። የስፖርት ጋዜጠኞች ጊዮርጊስንና ቡናን ባላንጣ የሚሏቸው ለዚህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ይበሻሸቃሉ እንጂ አንዱ ሌላው እንዲጠፋለት አይፈልግም። ከዚያ ማን ላይ ሊያሾፍ? «ጠላት» ግን ስም አያስፈልገውም። ይተኮስበታል፣ ይወድቃል፣ አለቀ። «ባላጋራ» ለእኔ የሙግት ሽታ አለው፤ ለፍርድ ቤት ተወው።

ቪዲዮ ቤት ያደግን ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። «አክተሩ አይሞትም» እንል ነበር። አክተር ማለት ለእኛ ጀግናው ብቻ ነው፤ ሌላው ተዋናይ አክተር አይባልም። ራምቦ በሦስተኛው ፊልም አፍጋኒስታን ገብቶ ሶቭየቶቹን ሲያጭዳቸው ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። አገራችን በደርግ ጊዜ የሶቭየት የልብ ወዳጅ እንደነበረች ማን ትዝ ብሎት!

ወደ ኮሪያህ ልምጣ። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።) በ1978 ደቡቦች በሠሩት አንድ የልጆች ካርቱን የሰሜኑ አለቃ ጭምብሉ ሲወልቅ አሳማ ሆኖ ይገኛል። «ጠላት» ማለት ይሄ ነው። በ2000 ግን የደቡቡ ዳይሬክተር የፓርክ ቻን-ዉክ ፊልም «ጆይንት ሴኩሪቲ ኤሪያ» መጣ። የሁለቱ አገር መሪዎች ፒዮንግያንግ ላይ ከተገናኙ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ፊልሙ ላይ የድንበር ጠባቂዎቹ ሌሊት ተደብቀው አብረው ይጫወታሉ። አንድ ቀን የሰሜኑ ሳጅን ቾኮ ፓይ የሚባለውን የደቡብ ጣፋጭ አፉን ሞልቶ ይጎርሳል። የደቡቡ ልጅ፣ ወደ እኛ ብትመጣ እኮ እስክትጠግብ ትበላ ነበር ይለዋል። ሳጅኑ ፊቱ ይለወጥና የጎረሰውን እጁ ላይ ይተፋዋል። የእኔ ሕልም አገሬ ከዚህ የሚበልጥ ጣፋጭ እንድትሠራ ነው ይላል። ከዚያ ያንኑ መልሶ ይጎርሰዋል! ኩራትም አለው፣ አምሮትም አለው። እዚህ ቦታ ላይ «ጠላት» ብዬ አልጽፍም። «ሆድና ጀርባ» ነው የምለው፤ አንድ ገላ ሆነው የማይተያዩ።

ቡና በጤና አዳም፦
ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ፊልም ሠሪ አዝኖ ነው እንዴ ጠላትን ሰው የሚያደርገው? ገበያ ነው! «ሬድ ዶውን» የሚባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ በ1984 አሜሪካን የሚወሩት ሶቭየቶችና ኩባዎች ነበሩ። እንደገና ሲሠራ ወራሪዋ ቻይና ሆነች። ተቀርጾ ካለቀ በኋላ የቻይና ገበያ እንዳይዘጋባቸው ፈሩና ባንዲራውንም ምልክቱንም በኮምፒውተር ቀየሩት። በ2012 ሲወጣ ወራሪዋ ሰሜን ኮሪያ ሆና አረፈችው። ትኬት የማይገዛ ሰው ነው ጠላት የሚደረገው።

አዌቱ ማዶ፦
እሱስ እውነትህን ነው። ግን ቻይናን ለማትረፍ ሲባል ሌላ ጠላት ተተካ እንጂ ማንም ሰው አልተደረገም። ሳጅኑ ሌላ ነው። ደግሞ የመንግሥት ወዳጅነትም አለ። የእኛው ቃኘው ሻለቃ ለደቡቡ ሊዋጋ በ1951 ኮሪያ ሲገባ ሰሜኑ ጠላት ነበር። በደርግ ጊዜ የሰሜኑ መሪ ኪም ኢል ሱንግ ወዳጅ ሆነና የእኛው የኮሪያ ዘማቾች አንገታቸውን ደፉ። አሁን ደግሞ ልጆቻችን የደቡቡን ድራማ ሲያዩ ያመሻሉ።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መኮንኑ ሰልፍ ላይ ሲደነፋ «ጠላት» አልኩት። ወታደሩ ለብቻው ሲያወራ «እነዚያ ልጆች» ብዬዋለሁ። «ሆድና ጀርባ» ወድጄው ነበር፤ ግን ወታደሩ አፉን ከፍቶ ሳይዘጋ ነው ትዕይንቱ የሚያልፈው፣ ጽሑፉ አይደርስልኝም።